ቤት ሲቃጠል ወጥቶ የሚያየው ሰው ምን ይሥራ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ባለፈው ሰሞን ሌሊት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤት ተቃጠለ። ኡኡታ ሰምቼ ስወጣ መንገዱ በሰው ጢም ብሏል። ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ግማሹ ‹እሳት አደጋ የት ቀረ?› እያለ ይሳደባል። እኔም ቆሜ አየሁ። መኪናው ሲመጣ በሰው መሐል ማለፍ አቅቶት ቆመ። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ሰው ለምንድን ነው እሳት ለማየት የሚሰበሰበው? ቆሜ ማየቴ ጥፋት ነው? ወይስ ቤቴ መግባት ነበረብኝ? እሳት አደጋስ ለምን ውሃ ሳይዝ ይመጣል?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚዞረው ነው። እኔ በእሳትና በድንገተኛ አደጋ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ አሁንም የማሠለጥነው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከሥራው በኩል ሆኜ ልመልስልህ። መውጣትህ ጥፋት አይደለም። የጎደለህ ከወጣህ በኋላ የት እንደምትቆምና ምን እንደምትሠራ ማወቅ ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ማንም አስተምሮህ አያውቅም።

መጀመሪያ ለምን እንደምንወጣ እንይ። እኛ አገር ኡኡ ሲባል መውጣት ግዴታ ነው። ጎረቤቱ ኡኡ ብሎ ያልወጣ ሰው በማግስቱ በምን ዓይኑ ያየዋል? ገጠር ከሆነ ከማዶ ጩኸት የሰማ ገበሬ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ከተማ ገብተንም ይህ ልማድ አልለቀቀንም፣ ባይለቀንም ደስ ይለኛል። ስለዚህ ሌሊት ነጠላዋን ደርባ የወጣችን እናት፣ በቁምጣው የሮጠን ልጅ «ወሬ ሊያይ ነው የወጣው» ብሎ መስደብ ትክክል አይመስለኝም። የወጡት ተጠርተው ነው። ግን ኡኡታው «ድረሱልኝ» ይላል እንጂ «አንተ ይህን አድርግ፣ አንቺ ያንን» አይልም። ሰው ይደርሳል። ከደረሰ በኋላ የሚሠራውን ያጣል። ሥራ ያጣ ሰው ደግሞ ቆሞ ያያል።

ሌላው ምክንያት የራስ ቤት ነው። ብዙዎቹ ነባር ሰፈሮቻችን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው። የጭቃ ቤት፣ ውስጡ እንጨት፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ደግሞ አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እሳት አንዴ ኮርኒስ ከያዘ በላይ በላይ እየሄደ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከታች ያለው ሰው ሳያየው ጎረቤት ቤት ገብቶ ይገኛል። ስለዚህ ወጥቶ የሚያየው ሰው «ወደ እኔ ይመጣል ወይ?» ብሎ እያየም ነው። ይህ ወሬ አይባልም፤ ጭንቀት ነው።

ከዚያ ደግሞ ሰውን ሰው ይስበዋል። ስታንሊ ሚልግራም የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው አንድ ጥናት አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ መንገድ ላይ ሰው አቁመው ወደ አንድ ሕንጻ መስኮት ቀና ብሎ እንዲያይ አደረጉ። መስኮቱ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ቀና ብሎ የሚያየው አንድ ሰው ሲሆን ከመንገደኛው ቆሞ አብሮት የሚያየው 4 በመቶ ብቻ ነበር። ሰዎቹ 15 ሲሆኑ ግን 40 በመቶው ቆመ። ሳይቆም እግረ መንገዱን ቀና ያለውን ስትጨምርበት ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ ይሆናል። ለእኛ ሥራ የዚህ ትርጉም ቀላል ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የቆሙበት ቦታ ላይ ነው መቶው ሰው የሚቆመው። እነሱ የጠባቡ መንገድ አፍ ላይ ከቆሙ ሌላውም እዚያው ይከመራል። ዳር ይዘው ከቆሙ ሌላውም ዳር ይይዛል።

አሁን ወደሚያስጨንቅህ ነገር ልምጣ። «ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ለምን ምንም አላደረገም?» ነው ነገርህ። ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ አሜሪካውያን ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1968 በጭስ ፈትነውታል። ሰዎችን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ወረቀት አስሞሉ፤ ከዚያ በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ማስገባት ጀመሩ። ብቻውን የነበረው ሰው ከ4 ጊዜ 3ቱን ተነስቶ ወጥቶ ተናገረ። ጭሱን አይተው ዝም እንዲሉ የተነገራቸው ሁለት ሰዎች አጠገቡ ሲቀመጡ ግን ተነስቶ የተናገረው ከ10 አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ዓይኑን እያሸ፣ ጭሱን በእጁ እየገፋ ወረቀቱን መሙላት ቀጠለ። ጨካኝ ስለሆነ አልነበረም። የሌሎቹን ዝምታ አይቶ «ምንም አይደለም ማለት ነው» አለ።

የእኛ ሰፈር ላይ ይህ የሚታየው ስልክ ላይ ነው። ሁለት መቶ ሰው ወጥቷል። ሁሉም ስልክ ይዟል። ሁሉም ደግሞ «እስካሁን አንዱ ደውሏል» ይላል። አዲስ አበባ ላይ የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 ነው። አሁን እያነበብክ ስልክህ ላይ መዝግበው። እሳት ስታይ ሌላ ሰው መደወሉን በጆሮህ ካልሰማህ አልተደወለም ብለህ ደውል። ሁለት ሰው ቢደውል ማንንም አይጎዳም።

ግን አንተን የሚያጽናና ሌላ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው። ተመራማሪዎች በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች የመንገድ ካሜራዎች የቀረጿቸውን 219 የአደባባይ ጠቦች ተመለከቱ። ከ10ሩ በ9ኙ ቢያንስ አንድ ተመልካች መሐል ገብቷል። የቆመው ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ አንዱ የመርዳቱ ዕድል ጨምሯል። እኔም በሥራዬ ያየሁት ይህንን ነው። የተሰበሰበ ሰው በራሱ ጠላት አይደለም። ከመሐሉ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሥራ ሲያከፋፍል ሕዝቡ በደቂቃ ውስጥ ሌላ ነው የሚሆነው።

ግን እንዴት ይከፋፈላል? «ኧረ አንድ ሰው ውሃ ያምጣ!» ብለህ ብትጮህ ማንም አይንቀሳቀስም። «አንድ ሰው» የሚባል ሰው የለማ። ጣትህን ቀስረህ «አንተ ቢጫ ሹራብ የለበስከው፣ 939 ደውል፣ ደውለህ መልሱን ለእኔ ንገረኝ» በለው። «ማሙሽ፣ አንተ ሩጥና አስፋልቱ ላይ ቁም፣ መኪናው ሲመጣ እየመራህ አምጣ።» «እትዬ፣ ልጆቹን ይዘውልን ወደ ታች ይውረዱ።» የተጠራው ሰው ሲያንገራግር አላየሁም። ሰው ሥራ ሲሰጠው ደስ ይለዋል፤ ቆሞ ማየት እኮ እሱንም ያሳምመዋል።

ከእነዚህ ሁሉ አስፋልት ላይ የሚቆመው ልጅ ያለው ጥቅም ብዙ ሰው አይገባውም። የእኛ ከተማ ቤት የሚገኘው በምልክት ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከድሮው ወፍጮ ቤት ጀርባ» ነው አድራሻችን። ደዋዩ በድንጋጤ አንዱን ይላል፣ ሌላው ደዋይ ያንኑ ቦታ በሌላ ስም ይጠራዋል። ሹፌሩ ዋናው መንገድ ድረስ በደቂቃዎች ይደርስና ከዚያ በየቅያሱ ሲፈልግ ጊዜ ያልፋል። ኮብልስቶኑ መጨረሻው ዝግ ይሆናል። አንዳንድ ሰፈር ደግሞ ሌሊት የመንደር በር ይቆለፋል፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው። አንድ ሌሊት አንድ ጎረምሳ ጋቢውን አውልቆ አስፋልቱ መሐል እያውለበለበ ጠበቀን። ከፊታችን እየሮጠ ሁለት ቅያስ አሻግሮ ከደጁ አደረሰን። ዘበኛውንም አስቀድሞ ቀስቅሶት ስለነበር በሩ ተከፍቶ ነው የደረስነው። እሳቱ ሁለተኛ ክፍል ሳይገባ ያዝነው። ያ ልጅ እሳቱ አጠገብ ጨርሶ አልደረሰም፤ የዚያን ሌሊት ትልቁን ሥራ የሠራው ግን እሱ ነው።

ስትደውል ምን ትላለህ? ምን እየተቃጠለ እንደሆነ፣ ሰፈሩንና ሁሉም የሚያውቀውን ትልቅ ምልክት፣ ውስጥ ሰው ስለመኖሩ፣ መኪና የሚገባበት መንገድ በየት በኩል እንደሆነ፣ የራስህን ስልክ ቁጥር። ከዚያ ስልክህን ክፍት አድርግ። ተመልሰው ይደውሉልሃል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ደዋዩ «እሳት! እሳት! ቶሎ!» ብሎ ይዘጋና ስልኩን ለቪዲዮ ያውለዋል። ስንደውል አይነሳም።

መኪናው ሲደርስ ሰው መሐል መቆሙን ነግረኸኛል። ይህን ከእኛ በኩል ላሳይህ። ከባድ መኪና ነው፣ ውሃ ተሸክሟል፣ እንደ ላዳ እጥፍ አይልም። ሰው ጥግ ይይዝለታል፣ ካለፈ በኋላ ግን ከኋላው ይዘጋበታል። ከዚያ ቱቦ ይዘረጋል። ውሃ ያልገባበት ቱቦ ጠፍጣፋ ነው፤ ሰው ሳያየው ቆሞበት ያወራል። ውሃው ሲለቀቅ ዘሎ ይነሳል፣ የቆመበትንም ይጥለዋል። ሕዝቡ ተጨናንቆ ቱቦው ቀጥ ብሎ ካልተዘረጋ ይታጠፋል። ከታጠፈ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው ባልደረባዬ እጅ ላይ ውሃው ይሞታል። እሱ ያለው ጭስ ውስጥ ነው፣ ከኋላው የሆነውን አያይም። ከውጭ ያለው ሰው «ለምን አይረጩም?» ብሎ ይጮሃል። መኪና በቱቦው ላይ ቢነዳበት ሊፈነዳም ይችላል። አልፎ ተርፎ ቱቦውን ነጥቆ «የእኔን ቤት አድኑልኝ» የሚልም አለ። ሰውየው ንብረቱ ነው፣ እፈርድበታለሁ ማለት አልችልም። ግን እሳት የሚያዘው ከሚሄድበት ፊት ቀድሞ ነው። የነደደውን ቤት ትተን ያልነደደውን ስናረጥብ ስታይ ሞኝነት እንዳይመስልህ፤ አሥር ቤት የሚተርፈው በዚያ ነው።

«ውሃ ሳይዝ ይመጣል» ያልከውን እንመልከት። ይህ አባባል በከተማው ሁሉ አለ። ባልደረቦቼ ድንጋይ የተወረወረባቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መኪናው ለምሳሌ 4,000 ሊትር ይዟል እንበል። አንድ ቱቦ በደቂቃ 400 ሊትር ያህል ቢረጭ ውሃው በ10 ደቂቃ ያልቃል። በሁለት ቱቦ ከሆነ በ5 ደቂቃ። ለተያያዘ ሰፈር ይህ ምንም አይደለም። ስለዚህ አንዱ ሲጨርስ ወጥቶ ሄዶ ይሞላል፣ ሌላው ይተካዋል፣ ቦቴም ከኋላ ይመጣል። አንተ የደረስከው የመጀመሪያው ጨርሶ ሲወጣ ከሆነ «ባዶውን መጣ» ትላለህ። እሱ ግን የያዘውን ጨርሶ ነው። እዚህ ላይ ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳን፦ ስንገባም ስንወጣም መንገድ ይዘጋል። መውጫ ያጣ ባዶ መኪና ሙሉውንም አያስገባውም። መዘግየት የለም እያልኩህ አይደለም፣ አለ። መንገዱ፣ ትራፊኩ፣ የጣቢያው ርቀት፣ የውሃ መቅጃ እጥረት ሁሉም እውነት ነው። ይህ በየመድረኩ ይነሳ፣ መነሳትም አለበት። እሳቱ ፊት ለፊት ግን መኪናውን መምታት እሳቱን መርዳት ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሳውን እሳት ታስታውሰዋለህ። አመሻሽ ላይ ተነስቶ ለሰዓታት ነደደ። ሱቆቹ የተጠጋጉ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ዕቃው በቶሎ የሚቀጣጠል ነበር። በዚያ ላይ ንብረቱን ለማትረፍ የሚሮጠው ነጋዴ፣ ሊያግዝ የመጣው፣ ሊያይ የመጣው አንድ ላይ ተደባለቀ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፖሊስ ገመድ ሲዘረጋ ባለ ሱቁ ሳይቀር ይከለከላል። ባለቤቱ ይናደዳል፤ ዕድሜውን ያጠራቀመው ንብረት እዚያ ነው ያለው። ግን በር ላይ ቆሞ «ይህ ባለቤት ነው፣ ይህ አይደለም» ብሎ የሚለይ የለም። ግርግር ለሌባ ይመቻል ይባል የለ? ከእሳት የተረፈ ስንት ዕቃ በ«ረዳት» ትከሻ ተጭኖ እንደወጣ የተጎዱት ያውቁታል። ሰፈርህ ውስጥ ዕቃ የምታወጡ ከሆነ የሚወጣው ሁሉ አንድ ቦታ ይከመር፣ ሁለት የታወቁ ሽማግሌ አጠገቡ ይቁሙ። እሳቱ ክፍሉን ከያዘው ግን ዕቃ ብሎ ነገር የለም።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ከሁሉም ይበልጥ የማሳስብህ ነው፣ ርቀት። ሰው እሳት ሲያይ የሚፈራው ነበልባሉን ነው። ነበልባሉን አይቶ ስለማይጠጋው «ሩቅ ነኝ» ይላል። የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ጭሱ መጀመሪያ ይመጣል። ስፖንጅ ፍራሽና ፕላስቲክ ሲነድ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፣ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃዋል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ምሰሶው ሲነድ ሽቦው ቆርቆሮ አጥር ላይ ይወድቃል፣ አጥሩን ተደግፎ የቆመው ሰው ይያዛል። ከዚያ ግድግዳ አለ። ፎቅ ከሆነ ቢያንስ የቁመቱን አንድ ተኩል ያህል ርቀህ ቁም። ቤቱ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ከነበረ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው። እሳት የከበበው ሲሊንደር መተንፈሻው እንደ ኃይለኛ ፉጨት ይጮሃል። ያን ድምፅ ስትሰማ ሰው ሁሉ ይሩጥ፣ ከግንብ ጀርባ ይሁን። ከፈነዳ ስብርባሪው ከመቶ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል።

መስኮት ላይ ሆኖ ማየትም አያድንም። ካናዳ ሃሊፋክስ ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1917 ሁለት መርከቦች ተጋጩ። አንደኛዋ ለጦርነት የሚውል ፈንጂ የጫነች ሞንት ብላንክ የምትባል የፈረንሳይ መርከብ ነበረች። ለ20 ደቂቃ ያህል ነደደች። የከተማው ሰው ጭሱን አይቶ በየመስኮቱ ተሰለፈ፣ ልጆችም ከትምህርት ቤት መንገድ ቆሙ። ከዚያ ፈነዳች። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። መስታወት ፊት ቆሞ ሲያይ የነበረው ዓይኑን አጣ፤ ዓይኑ ላይ የተጎዳው ሰው በሺዎች ነው የሚቆጠር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 ቤሩት ላይ ያው ተደገመ። ወደቡ መጋዘን ላይ መጀመሪያ እሳትና ጭስ ታየ። ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ መስኮት ከፍቶ በስልኩ ይቀርጽ ጀመር። ከዚያ 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ፣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያኔ ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችን ነበሩ፣ ስንቱ ቤተሰብ እዚህ አዲስ አበባ ስልክ ላይ ተጥዶ እንዳደረ ታስታውሳለህ። ምን እየነደደ እንደሆነ የማታውቀው መጋዘን ከሆነ ከመስኮት ራቅ። መስታወቱና አንተ መሐል ግድግዳ ይኑር።

የነዳጅ ቦቴ ሲገለበጥማ ማየቱም መቅዳቱም ሞት ነው። ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ100 በላይ፣ ሴራሊዮን ፍሪታውን ላይ በ2021 ከ140 በላይ ሰው አልቋል፤ የፈሰሰውን ነዳጅ ለመቅዳት ወይም ለማየት ተሰብስቦ ነው። ነዳጁ በሚተንበት ጊዜ ዓይን አያየውም። አንድ የሞተር ብልጭታ ይበቃዋል። ይህንን ለረጅም መንገድ ተጓዥ ዘመዶችህ ሁሉ ንገር።

ወደ ሰፈርህ ልመለስ። «ውሃ በባልዲ መርጨት ይጠቅማል ወይ?» ብለህ ባትጠይቀኝም ላንሳው። እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነና መብራቱ ከቆጣሪው ከጠፋ ይጠቅማል። መብራት ሳይጠፋ ውሃ አትርጭ። የሚነድ ዘይት ላይ ጨርሶ አትርጭ፣ መጥበሻውን ክደነው፣ ምድጃውን አጥፋ። እሳቱ ክፍሉን ከያዘው ግን ባልዲው የሚጠቅመው ያልነደደውን የጎረቤት ግድግዳና ጣሪያ ለማርጠብ ነው። በር መስበር ደግሞ ሰው ደግ አስቦ የሚሳሳትበት ነው። ውስጥ ሰው ከሌለ የተዘጋ በር ይዘጋ። አየር ያጣ እሳት ይዳከማል። በሩ ሲበረገድ አየር ያገኝና በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ይፈነዳል፣ የከፈተውን ሰው ፊት ነው የሚያገኘው። ቆርቆሮ መገንጠልም እንደዚያው ነው። ከእሳቱ ፊት ያለውን ባዶ ቤት አፍርሶ መንገድ መቁረጥ አንዳንዴ ሰፈር ያድናል። የነደደውን ቤት ጣሪያ መግለጥ ግን ማራገብ ነው። የትኛው እንደሆነ መለየት ካቃተህ አትንካው።

ደርሰን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ውስጥ ሰው አለ?» ነው። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ይመልሳል። አንዱ «አያቲቱ አሉ» ይላል፣ ሌላው «እሳቸውማ ክፍለ ሀገር ሄደዋል» ይላል፣ ሦስተኛው «ሕፃን አለ!» ብሎ ይጮሃል። እኛ የሰማነውን ይዘን መግባት አለብን። የሌለ ሰው ፍለጋ ጭስ ውስጥ የገባ ባልደረባ ሕይወቱን ይዞ ነው የሚጫወተው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው አንድ ተናጋሪ ይምረጥ። ያ ሰው ቤቱን የሚያውቅ ይሁን። ስንት ሰው እዚያ ቤት እንደሚያድር፣ ማን እንደወጣና ማን እንዳልታየ፣ መኝታ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ሲሊንደርና ቆጣሪ የት እንዳለ ይንገረን።

እኔ ይህን ሥራ ለእድር ብሰጠው ደስ ይለኛል። እድር የአባላት መዝገብ አለው፣ ማን የት ቤት ከእነማን ጋር እንደሚኖር ያውቃል። ጥሩምባ ነፊ አለው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚያስቆፍረው፣ እንግዳ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ተመድቦ ያድራል፤ ማንም «እኔ ምን ልሥራ» ብሎ አይቆምም። ለእሳትስ ለምን አይመደብም? የሚደውል፣ አስፋልት ላይ የሚቆም፣ መብራት የሚያጠፋ፣ ሰው የሚቆጥር፣ ልጆችና አረጋውያን የሚያርቅ፣ መንገድ የሚያስከፍት። ስድስት ሰው ነው። በወር ስብሰባችሁ ላይ የአሥር ደቂቃ ጉዳይ ናት፣ አንተ ራስህ ብታነሳው ጥሩ ነው።

ኮሼ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሻሻው ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ቀድሞ የደረሰው ጎረቤትና ዘመድ ነበር። እንዲህ ያለ ናዳ ወይም የፈረሰ ሕንጻ ላይ ደግሞ ሕዝቡ የሚጠየቀው ነገር ሌላ ነው፣ ዝምታ። ከታች የሚጣራ ሰው ካለ የሚሰማው ሁሉም ጸጥ ሲል ነው። አንድ ሰው እጁን አንስቶ «ዝም!» ሲል ልቅሶ እንኳ ይያዝ። ፍርስራሹ ላይ የሚቆመው ሰው ይቀነስ፣ ክብደቱ ከታች ያለውን ይጫነዋልና።

ስለ ቪዲዮው ብዙ ሰው ይቆጣል። እኔ ሙሉ በሙሉ አልቃወመውም። እሳቱ ገና ሲጀምር ከሩቅ የተቀረጸ ግማሽ ደቂቃ ለመርማሪ ትልቅ ማስረጃ ነው። ጭሱ ቀድሞ በየት በኩል ወጣ፣ ቀለሙ ምን ነበር፣ እሳቱ ወዴት ሄደ የሚለውን ያሳያል። ቅረጽና ለሚመረምሩት ስጥ። የምቃወመው ቀጥታ ሥርጭቱን ነው። የተቃጠለ ሰው፣ እርቃኗን የወጣች ሴት፣ የምታለቅስ እናት ቲክቶክ ላይ ሲወጡ ማን ያየዋል? ሪያድ ያለችው ልጅ ታየዋለች፣ ዋሽንግተን ያለው ወንድም ሥራ ላይ ሆኖ ያየዋል። የእናቱን ቤት ከነአጥሩ ያውቀዋል፣ መኖሯንና መሞቷን ግን የሚነግረው የለም። እኛ መርዶ እንኳ በሥርዓት፣ በሽማግሌ፣ በጠዋት የምንነግር ሰዎች ነን። ጀርመን የነፍስ አድን ሥራን ማደናቀፍን እ.ኤ.አ. በ2017 ወንጀል አድርጋለች፣ የሞተን ሰው በሚያዋርድ ሁኔታ መቅረጽን ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ታስቀጣለች። የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ራስን ለአደጋ ሳያጋልጡ መርዳት እየተቻለ ሆን ብሎ ትቶ መሄድን ያስቀጣል። መደወል መርዳት ነው፤ እሳት ውስጥ ግባ ግን ማንም አላለህም።

«ቤቴ መግባት ነበረብኝ?» ብለሃል። ተደውሎ፣ መንገድ ተከፍቶ፣ ሰው ተቆጥሮ፣ ባለሙያ ደርሶ ለአንተ የቀረ ሥራ ከሌለ፣ አዎ ግባ። አንተ ስትገባ አጠገብህ ያለውንም ይዘህ ግባ። ልጆችን መጀመሪያ አስገቡ፤ ጭሱም ያየው ነገርም ለልጅ ጥሩ አይደለም። ቤትህ ከነደደው ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን አትተኛ። መብራትህን አጥፋ፣ መታወቂያና ሰነድህን ያዝ፣ ቤተሰብህን አንድ ቦታ ሰብስብ፣ ኮርኒስህን ተመልከት።

የተጎዳው ጎረቤትህ ጋ አሁንም የሚሠራ ነገር አለ። እሳት ጠፋ ከተባለ በኋላ ፍራሽና እንጨት ውስጥ ፍም ይቀራል፣ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነድ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያውን ሌሊት ሁለት ሰው ተራ ይዞ ይደር። ፖሊስና መርማሪ ሳያዩት ፍርስራሹ አይጠረግ፤ የእሳቱ መነሻ የሚገኘው እዚያ ነው፣ ለካሳም ለእርዳታም የሚያስፈልገው ማስረጃ የሚጻፈው ከዚያ ተነስቶ ነው። መብራት ባለሙያ ሳያየው አይቀጠል። የነደደ መታወቂያ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃና የቤት ሰነድ ካለ ወረዳ ድረስ አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል፤ ብቻውን በየቢሮው መመላለስ ለተቃጠለ ሰው ሁለተኛ አደጋ ነው። ጊዜ ካለህ አንተ ሂድለት።